ከብየዳው ጎን ያለው ብረት

ብረት ብየዳው ላይ አይሰበርም። ደህና አድርጎ የተበየደ ብረት የሚሰበረው ከብየዳው ጎን ነው፤ እሳቱ ባገኘውና ባጠቆረው ቦታ ላይ። ሃያ ስምንት ዓመት በያጅ ሆኜ ስሠራ ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር የለም። ይህን እውቀቴን ነው የእህቴ አንገት ላይ የሞከርኩት።

ይመር እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ የብየዳ ቤት አለኝ። የመኪና ሻንሲ፣ ተሳቢ፣ የግቢ በር፣ የመጣውን ሁሉ እበይዳለሁ። ሰፈር ውስጥ “ይመር ከነካው አለቀ” ይባልልኝ ነበር። እኔም ያልሰማሁ እየመሰልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ሐኪም ሲያናግረኝ እንኳ በልቤ “እስቲ ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል” የምል ሰው ነበርኩ። ያን ሰው ዛሬ አልወደውም፤ ግን እሱን ሳታውቁት የሠራው ሥራ አይገባችሁም።

እህቴ ሉባባ ትባላለች። እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ወሎ ስትሞት እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ አግብታ አቃቂ ትኖር ነበር። መጥታ ወሰደችኝ። ባሏም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ልጅም አልነበራትም። ትንሽ ሱቅ ከፍታ አሳደገችኝ። ትምህርት አልሆን ሲለኝ ዘመድ ሁሉ “ሱቅ ውስጥ ይቁም” ብሎ ፈረደ። እሷ ግን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ “አንተ ምን መሆን ትፈልጋለህ?” ብላ ጠየቀችኝ። በኛ ዘንድ ልጅ ይታዘዛል እንጂ አይጠየቅም። ግራ ቢገባኝ ከመንገዱ ማዶ ብልጭ ብልጭ የሚለውን የብየዳ እሳት በጣቴ አሳየኋት። በማግስቱ እጄን ይዛ በያጁ ዘንድ ወሰደችኝ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በሽታው ከአፍንጫዋ ጀርባ ተነስቶ ወደ አንገቷ የወረደ ካንሰር ነበር። በግራ በኩል፣ ከጆሮዋ በታች፣ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣባት። ጨረር ያስፈልጋታል ተባለ። ወራት ተራ ጠብቀን ደረሰን። ሠላሳ አምስት ቀን ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ቅዳሜና እሑድ እረፍት።

ከመጀመሩ በፊት ሞቅ ያለ ለስላሳ ፕላስቲክ ፊቷና አንገቷ ላይ ዘረጉባት። ሲደርቅ የሷን መልክ የያዘ ወንፊት መሳይ ጭምብል ሆነ። እንዳትነቃነቅ በዚያ ጭምብል ከአልጋው ጋር ያያይዟታል፤ ሲጨርሱ ስሟ ተጽፎበት ከሌሎች ሰዎች ጭምብል ጋር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማሽኑን የሚያሠራው ምትኩ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። ከኛ ብዙ በማይርቀው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እንደሚኖር ሲነግረን እታለም “እንግዲያውስ የኛው ሰው ነህ” አለችውና ብየዳ ቤቴ የት እንደሆነ ምልክቱን ሁሉ ነገረችው። እሷ ሰውን ቤቷ ሳትጋብዝ አትለይም።

ሐኪሟም የመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርጋ አስረድታን ነበር። “ዙሪያው ይጠቁራል፣ ይላጣል፣ መዋጥም ያቅታታል። ያኔ ደንግጣችሁ እንዳትቀሩ” ስትል ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለችውን ግን አላውቀውም። ስልኬ ላይ ከደንበኛ ጋር እየተጻጻፍኩ ነበር።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው አፏ ደረቀ፣ ምራቅ ጠፋ። ውሃ ስትውጥ ዓይኗ እንባ ያቀራል። በአራተኛው አንገቷ ጠቆረ። በአምስተኛው ቆዳው ተላጦ ውሃ ማዠት ጀመረ፤ ትራሷ ላይ እየተጣበቀ ጠዋት ጠዋት በለብ ያለ ውሃ እያራስኩ አላቅቃት ነበር። ስታቃስት ድምጿ እንኳ አይወጣም። ዙሪያው ስላበጠ እብጠቱን በጣቴ ስፈልገው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልለይ አልኩ። ለኔ የሰፋ መሰለኝ።

ሃያ አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ከሕክምና መልሼ አስተኛኋትና ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ከጥቂት ወራት በፊት ሻንሲውን የበየድኩለት የጭነት መኪና ተጎትቶ ግቢ ገባ። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ ይጮሃል።

“ይመር! ብየዳህ ጉድ ሠራኝ!”

ከሥር ገብቼ አየሁ። ብየዳዬ ንክች አላለም። ስንጥቁ ያለው ከጎኑ ነው፤ ብረቱ ከጠቆረበት መስመር ላይ።

“ብየዳው አይደለም፣ ጎኑ ነው የተሰነጠቀው” አልኩት።

“እኔ ምን አገባኝ! መኪናዬ ቆሟል!”

እሱ ከላይ ሲጮህ እኔ በጀርባዬ እንደተኛሁ ያንን የጠቆረ ብረት በጣቴ ዳሰስኩት። ጠዋት በዚሁ ጣት የእታለምን አንገት ዳስሼ ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ መሰለኝ። እሳቱ ዕጢውን ትቶ ደህናውን ሥጋ እየሰበረው ነው። አሥራ አንድ ቀን ቢጨምሩባት አንገቷ ይቆረጣል አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ማንን እጠይቃለሁ? የማውቀው እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ሻርፗ ቁስሉን እንዳይነካት ላላ አድርጋ አስራ በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

“እታለም፣ ዛሬ አንሄድም።”

“ምነው?”

“ማሽኑ ተበላሽቷል። ደውለው ነገሩኝ።”

ውሸቱ እንዴት ቀለል ብሎ እንደወጣልኝ ስነግራችሁ አፍራለሁ። በሩ ደጃፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። “ውይ፣ እዚያ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የምታድረዋ በሽተኛ ሴትዮ ምን ትሆን ይሆን? ከሩቅ እኮ ነው የመጣችው” አለች በዚያ በተዘጋ ድምጿ። ቀጥላም “መቼ ይሠራል አሉ?” አለችኝ።

“ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ነው።”

“ለሁሉም አላህ ያውቃል” ብላ ሻርፗን ፈታች። ከመከራው ለጊዜው ስላረፈች ፊቷ ላይ ትንሽ እፎይታ አየሁ። ያን እፎይታ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

በዚያው ቀን ስልኬ ጠራ፤ ከሆስፒታሉ ነው፤ አላነሳሁም። ሰኞ ሦስት ጊዜ ተደወለ። ማክሰኞ ቁጥሩን ዘጋሁት። ልቤ ግን ሞልቶ ነበር፤ ምክንያቱም አንገቷ መዳን ጀመረ። እሑድ ማዠቱ ቆመ። ሰኞ ከዳር በኩል ቀላ ያለ አዲስ ቆዳ ብቅ አለ። ማክሰኞ አንድ ኩባያ አጥሚት ሳታቃስት ጨረሰች። ወደ ጓዳ ገብቼ ሱጁድ ወርጄ አመሰገንኩ። “አይ ይመር፣ ሐኪም ያላየውን አየህ” አልኩ ለራሴ። ወላሂ ብያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ጠራችኝ።

“እስቲ እጅህን አምጣ” አለችና ጣቴን ይዛ አንገቷ ላይ አሳረፈችው። “ይሄ ነገር አልጠነከረም?”

ዙሪያው ሟሽሿል። ቆዳው ለስልሷል። መሃሉ ላይ ግን ያ እብጠት ቁልጭ ብሎ፣ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ደህናው ሲያገግም እሱም አብሮ ቤቱን ይዟል። ጣቴን ቶሎ አነሳሁ።

“የለም፣ ስለከሳሽ ነው ጎልቶ የተሰማሽ” አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። ሻርፗን መልሳ አሰረች።

በዚያው ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የግቢዬ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ምትኩ ነው። ግራና ቀኝ እያየ ቀስ ብሎ ገባ። እኔ የብየዳ ጭምብሌን ወደ ላይ ገልብጬ ቆምኩ።

“ጋሽ ይመር፣ እንደምን አሉ?”

“አለሁ።”

“እማማ ሉባባስ?”

“አለች።”

በረጅሙ ተነፈሰ። “ተመስገን። ስልክ ስለማይነሳ አርፈው ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት። ከባጃጅ ስወርድ ድንኳን ነው የፈለግኩት።”

ሊወቅሰኝ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ለቅሶ ሊደርሰን ነው የመጣው። ይህ ይበልጥ አናደደኝ፤ ጥፋተኛ ሰው ደግነት ያናድደዋል።

“አልመልሳትም” አልኩት። “የምታደርጉትን አውቃለሁ። እሳት ነው። እኔ ሕይወቴን ሙሉ በእሳት ነው የሠራሁት። ና ላሳይህ።”

ጎትቼ መኪናው ሥር ወሰድኩት። የሥራ ልብሱ እንደሚቆሽሽ ሳያስብ በጉልበቱ ተንበርክኮ ስንጥቁን በደንብ አየ። ብየዳው ሳይነካ ጎኑ እንዴት እንደሚከዳ አስረዳሁት። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ተነሳና፣ “ግራ እጅዎትን ያሳዩኝ” አለኝ።

“ለምን?”

“ያሳዩኝ።”

ጓንቴን አውልቄ ዘረጋሁለት። የእጄ ጀርባ ላይ ያለውን ሰፊ ጠባሳ ነካው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የቀለጠ ብረት ወድቆብኝ ነው። ድሮ ነው፣ አሥር ዓመት ያልፈዋል።”

“ዳነ?”

“አታየውም? ድኗል።”

“ይሄ ሻንሲስ? ስንጥቁን እንዲሁ ቢተዉት፣ የዛሬ አሥር ዓመት ገጥሞ ያገኙታል?”

ጠባሳዬንና ስንጥቁን አፈራርቄ አየሁ።

“ብረት ራሱን አይጠግንም ጋሽ ይመር። ሥጋ ይጠግናል። ጨረሩ ሁለቱንም ነው የሚመታው፣ ዕጢውንም በዙሪያው ያለውንም። በዙሪያው ያለው ደህና ሴል ግን እስከ ማግስቱ አብዛኛውን ጉዳቱን ይጠግናል። የዕጢው ሴል እንደሱ መጠገን አይሆንለትም። ሳያገግም እንደገና እንመታዋለን። ጨረሩን በአንድ ቀን ከመስጠት ሠላሳ አምስት ቦታ የከፋፈልነው ለዚህ ነው፤ ደህናው እንዲጠገን።”

“አንገቷ ግን ተላጠ!”

“ይላጣል። ያበጠውም የቀላውም፣ ሰውነቷ ጉዳቱን ለመጠገን ሲታገል ነው። ያስቸግራል፣ ያማል፣ ግን የሚመለስ ነው። አልተመለሰም?”

“ተመልሷል” አልኩ ቀስ ብዬ።

“ችግሩ ደህናው ብቻ አይደለም የሚያርፈው። ከዕጢው የተረፈውም ፋታ ያገኛል። መሃል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ የተረፈው ከበፊቱ ፈጥኖ ይራባል።” በጣቱ ቆጠረ። “ዛሬ ስድስተኛ ቀናችሁ ነው።”

ጠዋት ጣቴ ሥር የነበረው ድንጋይ ትዝ አለኝ። መኪናውን ተደገፍኩ።

ከግቢው ጀርባ ያለው የእታለም ክፍል በር ሲከፈት ሰማን። ድምፁን ለይታ ነው የወጣችው። ግድግዳውን እየያዘች መጣች።

“ምትኩ ልጄ! መጣህ? ማሽኑ ተሠራ?”

“የቱ ማሽን እማማ?” አለ ምትኩ።

ከዚያ እኔን አየኝ። እሷም እኔን አየችኝ። እኔ ጓንቴን አየሁ። ከአፌ እንዲወጣ ሳትጠብቅ ሁሉም ገባት። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

“አልተበላሸም?” አለች።

“እታለም፣ አንገትሽን ሳየው…”

“ጠየቅኩህ እኮ። ተበላሽቷል ወይ ነው የምልህ።”

“አልተበላሸም።”

ልትሰድበኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሻርፗን አስተካከለችና ቃሉን አንድ በአንድ እየገፋች፣ “እኔ አንተን ጠይቄህ ነበር” አለች። “ልጅ ሆነህ፣ አፍንጫህን እንኳ በቅጡ ሳትጠርግ፣ ምን ትፈልጋለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር ይመር። ይሄ አንገት የኔ ነው። እኔን ምነው አልጠየቅኸኝ?”

መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ምትኩ ፊቱን አዞረ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ሐኪሟ አልጮኸችብኝም፤ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ቶሎ አስገባቻት። አሁን ይጀምራል ብዬ ውጭ ቆሜ ዱዓ ሳደርግ ምትኩ ወጣ። ፊቱን ሳይ አላማረኝም።

“ጭምብሉ ሰፍቷል። ከስተዋል፣ እብጠቱም በዙሪያው ጎድሏል። በጉንጫቸውና በጭምብሉ መሃል ጣት ይገባል።”

“ታዲያስ?”

“በዚህ ከሠራን ጨረሩ ቦታውን ይስታል። ሌላ ጭምብል ይሠራል፣ ልኬቱም እንደ አዲስ ይወጣል። ለሰኞ እናደርሳለን።”

ሰኞ! ሮጬ ሐኪሟ ክፍል ገባሁና እግሯ ላይ ወደቅኩ። “ዶክተር፣ ዛሬ ይሁንልኝ! ዛሬውኑ! በዚያው በሰፋው ይሁን!”

እጄን ይዛ አነሳችኝ። “ዛሬ ቸኩዬ ብሰጣት፣ ያን ጊዜ የፈሩት ነገር በእርግጥ ይደርሳል። ደህናውን ነው የምመታው” አለችኝ።

ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ በቃል መናገር አልችልም። እህል አልወረደልኝም። ሥራ ቤቱን ዘጋሁት። በየሰዓቱ እየሄድኩ አንገቷን ልዳስስ እላለሁ፤ እሷም “ተው፣ በመዳሰስ አይቀንስም” ትለኛለች። ቆዳዋ በየቀኑ ይበልጥ እያማረ ይሄዳል። በየቀኑ ሲያምር ባየሁት ቁጥር ደሜ ይቀዘቅዛል፤ ያ ውበት የማን ፋታ እንደሆነ አሁን አውቃለሁና። ስድስቱን ቀን እኔ ሰረቅኳት፣ አራቱ በኔ ሰበብ ተከተሉት። አሥር ቀን።

ሰኞ ሕክምናው ቀጠለ። ሐኪሟ ያለፈውን ለማካካስ ጨረሩን ትንሽ ጨመረች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረንም። አንገቷ እንደገና ጠቆረ፣ እንደገና ተላጠ፤ እኔም እንደገና በለብ ያለ ውሃ ከትራሷ አላቀቅኳት። ሁልጊዜ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት ቀና ብላ “ዛሬስ ማሽኑ ደህና ነው?” ትለኛለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ጦር ይወጋኝ ነበር። በኋላ ፈገግ ስትል አየሁና ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ። እኔ ግን አንድም ቀን መሳቅ አልቻልኩም።

ጨረሰች። ድምጿም ሻከር ብሎ ተመለሰ፣ መብላትም ጀመረች። አንድ ዓመት ያህል ደህና ነበረች። ከዚያ በሽታው በዚያው በግራ በኩል ተመለሰ፤ ወደ ሳንባዋም ሄደ። ሐኪሟን ብቻዋን አግኝቼ ጠየቅኳት።

“ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። በዚያ አሥር ቀን ነው?”

“ሊሆን ይችላል። ባይቋረጥም ሊመለስ ይችል ነበር። ማንም ሊያውቅ አይችልም ጋሼ።”

“አዎ” ብትለኝ ተሸክሜው እኖር ነበር። “አይደለም” ብትለኝ አርፍ ነበር። እሷ ግን የማታውቀውን አልነገረችኝም። እኔ ያላደረግኩትን ነው ያደረገችው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከናንተ መሃል በሽተኛ የሚያስታምም ይኖራል። እጃችሁ ላይ ያለው ሙያ ምንም ይሁን ምን፣ ብየዳም ይሁን ንግድ ወይም መኪና መንዳት፣ እዚያ በር ላይ ትታችሁት ግቡ። ስትፈሩ ፈራሁ በሉ፤ ስልኩን አንሱ። የቆሰለውን ስታዩ እየባሰ ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ የሚያውቀውን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን አልጋው ላይ ያለውን ሰው ጠይቁ። እኔ እታለምን ጠይቄያት ቢሆን ምን እንደምትል አውቃለሁ። “ሃያ አራቱን ችዬ አሥራ አንዱ ያቅተኛል?” ትል ነበር።

የሞተች ቀን ሴቶቹ ሊያጥቧት ክፍሉን ዘጉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሲጨርሱ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ እጇን እያደራረቀች ወጣችና ሊያጽናናኝ ፈለገች።

“አይዞህ ይመር። ያን ሁሉ ተቃጥላ አንገቷ ላይ የቃጠሎ ምልክት እንኳ የለባት። ቆዳዋ የልጅ ቆዳ ይመስላል” አለችኝ።

“አልሐምዱሊላህ” አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? እኔ የፈራሁለት ሥጋ ድኖ ነበር።